ውሃው ሲጠራ ኮራሎቹ ነጡ፦ ሐዋሳ ላይ ናይትሬትና ፎስፌት ከፍ ያደረግኩበት ታሪክ

ጥር ላይ ነው ያየሁት፣ ቤቴ ባለው የባህር አኳሪየም ውስጥ። ሞንቲፖራዋ፣ ያቺ እንደ ቅጠል ተዘርግታ የምታድገው ጠንካራ ኮራል፣ ስትመጣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነበረች፣ አንድ ማታ ከስራ ገብቼ ፊቷ ቁጭ ስል ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስላለች። በማግስቱ ደግሞ ይበልጥ ነጣች። ዞአዎቹ፣ እንደ ትንንሽ አበባ የሚከፈቱት፣ አራት ቀን ሙሉ ተጨብጠው ቀሩ። ውሃውን ግን ብታዩት መስታወቱ ውስጥ ውሃ ያለም አይመስል፣ እንደዛ ጥርት ብሎ አያውቅም። ናይትሬት (ናይትሮጅን የያዘው፣ አልጌ የሚበላው ነገር) ለካሁ ዜሮ። ፎስፌት (ፎስፈረስ የያዘው) ለካሁ ዜሮ። እኔ ደግሞ ያኔ ዜሮ ሳይ ደስ ነበር የሚለኝ፣ ስለዚህ ችግሩን ሌላ ሌላ ቦታ ስፈልግ ሶስት ሳምንት አቃጠልኩ፣ መብራቱ በዝቶ ነው ብዬ ቀነስኩ፣ ሂተሩ ነው ብዬ ቀየርኩ፣ ጨዉ ነው ብዬ የጨው መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር እንደገና አስተካከልኩ፣ 35 ላይ ነው፣ ምንም አልሆነም። ሁሉም ደህና ነበር። ኮራሎቹ ርቧቸው ነበር፣ ያራብኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ሳሎን ውስጥ 120 በ50 በ40 ሴንቲ የሆነ የባህር አኳሪየም አለኝ። ሲሰላ 240 ሊትር ነው ግን ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ ውሃው ወደ 200 ሊትር ነው፣ ይቺን 200 ያዙልኝ፣ በኋላ ለሂሳቡ እንፈልጋታለን። መስታወቱን የቆረጡልኝ የመስኮት መስታወት የሚሰሩ ልጆች ናቸው። ጨዉ፣ የውሃ መለኪያ ኪቱ፣ ፓምፑ ምናምን ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፣ ጠንካራ ኮራል ደግሞ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ። ውሃው የቧንቧ ውሃ በአርኦ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለን ሰዎች የፍሎራይድን ነገር ስለምናውቅ በዚህ ላይ አልደራደርም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ልፋት የመጡ ኮራሎች ዓይኔ እያየ ሲነጡ የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል።

ለምን ዜሮን እንደወደድኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያት ነበረኝ። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ነው ያደግኩት። አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ሲልጡ አባ ኮዳዎቹ ከጎን ተኮልኩለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ውሃውን ስታዩት ደግሞ አረንጓዴ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእርሻውም ከከተማውም ጎርፍ ያመጣው ማዳበሪያና ፍሳሽ ይገባበታል፣ ውሃው ይተናል፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን አይተንም፣ እዛው ይቀራል። አልጌው እሱን በልቶ ይበዛል። ስለዚህ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ፎስፌት ማለት የሐይቁ በሽታ ነው። የራሴን ትንሽ ባህር ስሰራ የወሰንኩት የመጀመሪያው ነገር ያ አረንጓዴ እዚህ እንዳይገባ ነው። እና አደረግኩት፣ ከሚገባው በላይ አደረግኩት፣ ለ500 ሊትር የተሰራ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሳሪያ) 200 ሊትር ላይ ገጠምኩ፣ ፎስፌት የሚመጥ ጂኤፍኦ የሚባለውን የብረት ኦክሳይድ ገና ከመጀመሪያው ቀን አስገባሁ፣ ከታች ሳምፑ (ከአኳሪየሙ ስር ያለው ሁለተኛ ሳጥን) ውስጥ ኬቶ የሚባለውን ናይትሬትና ፎስፌት የሚመጥ አልጌ በመብራት አሳደግኩ፣ አሳ ሁለት ብቻ፣ እሱንም በቀን አንዴ ቁንጥር። ድንጋዩም ደረቅ ድንጋይ ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን ስህተት አይደሉም፣ አንድ ላይ ግን ለኮራሎቹ ምንም አላስተረፉላቸውም።

ዓይኔን የከፈተልኝ አኳሪየም አይቶ የማያውቅ ጓደኛዬ ነው። ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ሥራው በአጭሩ ባክቴሪያ ማርባት ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበሉታል ውሃው ይጸዳል። ቤት መጥቶ ቡና እየጠጣን ቁጥሮቹን ሳሳየው ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "ናይትሮጅን ዜሮ፣ ፎስፈረስ ዜሮ፣ ታዲያ እነዚህ ነገሮች ምን በልተው ይኑሩ?" አለኝ። መብራት ይበላሉ አልኩት፣ እንደዛ ነበር የማስበው። "አንተ፣ መብራት እኮ ጉልበት ነው የሚሰጣቸው፣ ሥጋቸውን በምን ይስሩት? እኛ ጋ የሚመጣው ፍሳሽ አንዳንዴ ካርቦን ብቻ ሆኖ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያጥረው ባክቴሪያዎቹ ይደክሙብናል፣ ያን ጊዜ ዩሪያና ፎስፌት ከረጢት ቀደን እንጨምራለን። ለቆሻሻ ውሃ ማዳበሪያ እንጨምራለን እያልኩህ ነው።" ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩን ሳነብ እንዲህ ነው። ኮራል እንስሳ ነው፣ ግን ሥጋው ውስጥ ዙዛንቴሊ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ስኳር ይሰራሉ፣ ለኮራሉ ያካፍላሉ፣ ኮራሉ ደግሞ ከሚያጠምደው ምግብ የተረፈውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣቸዋል። ስኳር ብቻውን ሥጋ አይሆንም። ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሰራም፣ የሴል ሽፋኑም ዲኤንኤውም ያለ ፎስፈረስ አይሰራም። ያ ሲጠፋ አልጌዎቹ ይመነምናሉ፣ ከቀለሙ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነሱ ስለሆኑ ኮራሉ ይነጣል። ወይን ጠጇ ማኪያቶ የሆነችው ለዚህ ነው።

"የኮራል ሪፍ እኮ የሚገኘው በጣም ንጹህ ባህር ውስጥ ነው" የሚል ሰው ይኖራል፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው። እውነት ነው፣ ሪፍ ላይ ያለ ውሃ ቢለካ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን እዛ ውሃው አይቆምም፣ ቀንና ሌሊት ፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) እያመጣ ያልፋል፣ በሺ የሚቆጠር አሳ ከላይ እየዋኘ ሽንቱንም ኩሱንም ይለቃል፣ ስፖንጁ የሟሟውን ነገር ጠጥቶ መልሶ ምግብ አድርጎ ይተፋዋል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ምግብ ስለሌለ አይደለም፣ ገና ከመምጣቱ ስለሚበላ ነው። የኔ ሳጥን ውስጥ ግን የሚመጣም የለም። ቀይ ባህርን ራሱን ብታዩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰሜኑ በምግብ ደሃ ነው፣ ደቡቡ፣ ወደኛ ወደ ዳህላክና ምፅዋ በኩል ያለው፣ በባብ ኤል መንደብ ከኤደን ባህረ ሰላጤ የሚገባው ውሃ ምግብ ይዞ ስለሚመጣ የተሻለ ሀብታም ነው፣ ኮራል ግን በሁለቱም አለ።

ሌላ ያነበብኩትና በጣም የጠቀመኝ፣ እንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ነው፣ ኮራልን የሚጎዳው ናይትሬት መብዛቱ ብቻ ሳይሆን ናይትሬት እያለ ፎስፌት ሲጠፋ ነው፣ አልጌዎቹ በናይትሬቱ ተገፋፍተው መራባት ይጀምራሉ ግን ፎስፈረሱ ስለሌለ ሴላቸው በትክክል አይሰራም፣ ብርሃንና ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ይነጣሉ። ይሄን አስቀምጡት፣ እኔ በኋላ ልወድቅበት የነበረ ጉድጓድ ነው።

ሳነብና ሳሰላስል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ። ቀን ቀን ተዘርግቶ አረፋ ይይዛል፣ ሌሊት ይጠፋል፣ ጠዋት መብራት ሲበራ ተመልሶ ይመጣል። ቀንድ አውጣዎቹ መሞት ጀመሩ፣ በአንድ ሳምንት ስድስት። የአክስቴ ልጅ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ናት የምትሰራው፣ ንፍጡን በስሪንጅ ሳብኩና ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩባት። ሰገራ የምታይበት ማይክሮስኮፕ ስር አንድ ጠብታ አስቀመጠች፣ 400 ጊዜ አጉልታ፣ አየችና "ውይ፣ ጃርዲያ መሰለኝ እኮ!" አለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ቡናማ ሴሎች፣ አንዱ ጫፋቸው በማይታይ ክር የታሰረ ይመስል በአንድ ቦታ ይሽከረከራሉ፣ በገመድ የታሰረ ፍየል ችካሉን እንደሚዞረው። ጃርዲያ አይደለም። ኦስትሪዮፕሲስ የሚባል ዳይኖፍላጀሌት (ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረት፣ በአጭሩ ዳይኖ) ነው፣ መርዝ ያለው ዘር ነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ጄኖቫ ባህር ዳርቻ ላይ መርዙ በአየር መጥቶ ብዙ ሰው አሳምሟል፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የመተንፈስ ችግር። ስለዚህ ቤቱን መስኮት ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ ልጄን ከሳሎን አርቄ ነው ከዛ ወዲያ የሰራሁት፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።

ዳይኖ የሚመጣው ውሃው ሲቆሽሽ ይመስለኝ ነበር። ተቃራኒው ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆን ተራው አልጌና ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፣ ብዙዎቹ የዳይኖ ዘሮች ግን ብርሃንም ይጠቀማሉ ባክቴሪያም ይውጣሉ፣ ሌላው ሲራብ እነሱ መኖሪያ አያጡም። ሜዳው ባዶ ሲሆንላቸው ይወርሩታል። ይሄ ሲገባኝ ነው በቃ ውሃውን ልመግበው ብዬ የቆረጥኩት።

መጀመሪያ ያደረግኩት መጨመር ሳይሆን መውሰድ ማቆም ነው። ጂኤፍኦውን አወጣሁት፣ ያው ቀን። የኬቶውን መብራት ከ14 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት አወረድኩ። ስኪመሩ ላይ ግን ቆም አልኩ፣ ሁሉም ሰው "ስኪመሩን አጥፋው" ነው የሚለው፣ እነሱ ግን ባህር ጠለል ላይ ነው ያሉት። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን ከባህር ጠለሉ ወደ 20 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ጨዋማና ሞቃት ውሃ ደግሞ ራሱ ከንጹህ ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። ስኪመር ቆሻሻ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ቀኑን ሙሉ አየር ያስገባል። መብራት ሲሄድማ የመጀመሪያው ጭንቀቴ እሱ ነው። ስለዚህ አላጠፋሁትም፣ የላይኛውን ኩባያ አውጥቼ አረፋው ተመልሶ ውሃው ውስጥ እንዲወድቅ አደረግኩ፣ አየሩ ይገባል፣ ምግቡም አይወጣም። ከፍታ ላይ የምትኖሩ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከኔም የባሰ ስለሆነ፣ ይቺን በጣም አስቡባት።

ከዛ ምግብ። በቀን አንዴ የነበረውን ሶስቴ አደረግኩ፣ አሳዎቹን ሁለት ጨመርኩ። ለኮራል የሚበጀው መንገድ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አሳ ሲመገብ የሚለቀው አሞኒያ ኮራል በቀላሉ የሚወስደው ናይትሮጅን ነው፣ የሚረግፈው ፍርፋሪም ለአፉ ይደርሳል። የባህር ሽሪምፕ በረዶ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ከአሞራ ገደል የመጣ ቆሮሶ ጥሬውን በደቃቁ ከትፌ፣ በአርኦ ውሃ አለቅልቄ ሞከርኩ፣ በሉት፣ ፎስፌቱም ትንሽ ከፍ አለ። ግን የሐይቅ አሳ ቅባት የባህር አሳ የሚፈልገውን አያሟላም፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፣ ዋናው ምግብ አሁንም የባህር ፔሌት ነው።

ሁለት ሳምንት እንደዛ ሄድኩ። ናይትሬት ከዜሮ ወደ 1 ምናምን። ፎስፌት አሁንም ዜሮ። ንፍጡ እንዳለ ነው። ስለዚህ በቀጥታ መጨመር ግድ ሆነ።

ውጭ አገር ሰዎች ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የተሸጠውን ይገዛሉ፣ እኔ ሻንጣ የሚይዝልኝ ሰው እስኪመጣ ሁለት ወር መጠበቅ ነበረብኝ። ግን እኮ ያለነው የአበባና የአትክልት ግሪንሃውስ የሞላበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለግሪንሃውስ የሚሸጠው፣ ከረጢቱ ላይ 13-0-46 የሚል ያለበት፣ ፖታሺየም ናይትሬት ነው። 0-52-34 የሚለው ደግሞ ሞኖ ፖታሺየም ፎስፌት። ቁጥሮቹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ (በፎስፈረስ ኦክሳይድ መልክ የተሰላ) እና ፖታሽ በመቶኛ ናቸው። በጣም ወሳኙ ነገር ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት መሆኑ ነው። "ማይክሮ ኤለመንት ያለው" የሚለውን እንዳትነኩት፣ መዳብ ይኖርበታል፣ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣውንም ሽሪምፑንም ኮራሉንም ይጨርሳል። አንድ የማውቀው የእርሻ ባለሙያ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኪሎ ሰጠኝ፣ ዕድሜ ልኬን አልጨርሰውም።

ሚዛን ግን የለኝም። የቤት ሚዛን ግራም እንኳ በትክክል አያይም። ፒያሳ ያለ አንድ ወርቅ ቤት ሄድኩ፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቺን በሚዛንዎ ብትመዝኑልኝ?" አልኳቸው፣ ነጩን ዱቄት በላስቲክ አይተው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምንድነው እሱ ልጄ?" ማዳበሪያ ነው፣ ለአሳዬ ውሃ ነው አልኩ። ትንሽ ዝም አሉና "ስንት ግራም?" ብቻ አሉ። የሲጋራ ወረቀት የሚያህል ወረቀት አጥፈው ሳህኑ ላይ አደረጉ፣ ዜሮ አደረጉት፣ እና በትንሿ ማንኪያ ጫፍ፣ ወርቅ እንደሚጨምሩ፣ መታ መታ እያደረጉ 32.6 ግራም ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። ከዛ ሁለተኛውን 1.43 ግራም። አንድ ብር አልተቀበሉኝም። "ዘወር ስትል አሳውን በስልክህ አሳየኝ" አሉኝ፣ አሳይቻቸዋለሁ፣ ሞንቲፖራዋን አይተው "ይቺ ድንጋይ ናት ነፍስ አላት?" ብለው ነው የጠየቁኝ፣ ነፍስ አላት ጋሼ አልኳቸው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፖታሺየም ናይትሬት ከክብደቱ 61 በመቶው ናይትሬት ነው። 32.6 ግራሙን አንድ ሊትር የአርኦ ውሃ ውስጥ ሳሟሟው በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይኖራል፣ ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር 200 ሊትር ውሃ ላይ ሲጨመር ናይትሬቱን በ1 ፒፒኤም (በሊትር 1 ሚሊ ግራም) ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከክብደቱ ወደ 70 በመቶ ፎስፌት ነው፣ 1.43 ግራሙ በአንድ ሊትር ሲሟሟ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ፎስፌት ይሰጣል፣ 4 ሚሊ ሊትር ለ200 ሊትር 0.02 ፒፒኤም ነው። ውሃችሁ 100 ሊትር ከሆነ ግማሽ፣ 400 ከሆነ እጥፍ። ሁለቱን ለየብቻ ጠርሙስ፣ ስም ተጽፎባቸው፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ። ፖታሺየሙም አብሮ ይጨምራል ግን ባህር ውሃ ውስጥ ራሱ ወደ 400 ፒፒኤም ፖታሺየም ስላለ በዚህ መጠን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

በቀን 10 ሚሊ ናይትሬት፣ 4 ሚሊ ፎስፌት፣ ጠዋት ፓምፑ አጠገብ ቀስ አድርጌ። ማታ መለካት። እና ናይትሬቱ ከፍ እያለ ሄደ፣ በሳምንቱ 5 ደረሰ። ፎስፌቱ ግን ጠዋት ጨምሬ ማታ ዜሮ፣ በማግስቱ ጨምሬ ማታ ዜሮ፣ ሂሳቤን ሶስቴ አረጋገጥኩ። የሚበላው ድንጋዩ ነው። ደረቅ ድንጋዩም አሸዋውም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ፎስፌትን ወደ ላዩ ይስባል፣ እስኪጠግብ ድረስ ለውሃው አያስቀርም፣ ሲጠግብ ደግሞ ውሃው ላይ ሲያንስ ቀስ እያለ መልሶ ይለቃል። የሸክላ ጀበና አዲስ ሲሆን ውሃ እንደሚጠጣ ማለት ነው። እና እዚህ ላይ ነው ያ የሳውዝሃምፕተኑ ነገር ትዝ ያለኝ፣ ናይትሬት 5 ፎስፌት ዜሮ ማለት እኮ ያ ኮራልን ያነጣል ያሉት ሁኔታ ራሱ ነው፣ በራሴ እጅ እየሰራሁት ነው። ናይትሬቱን ያን ዕለት አቆምኩ። ፎስፌቱን ግን ጠዋትና ማታ አደረግኩት፣ አራት አራት ሚሊ። አስራ ሁለት ቀን ፈጀ። በአስራ ሶስተኛው ቀን ማታ ፎስፌት የምለካበት ቼከር 6 አለኝ።

ስለ ቼከሩ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ሃና ቼከር፣ የባህር ፎስፈረስ የሚለካው ትንሿ እንቁላል መሳይ መሳሪያ፣ የሚያሳየው ፎስፌት ሳይሆን ፎስፈረስ ነው፣ በፒፒቢ (የፒፒኤም አንድ ሺኛ)። ያገኛችሁትን በ3.066 አባዙት፣ ከዛ ለ1000 አካፍሉት። የኔ 6 ማለት 0.018 ፒፒኤም ፎስፌት ነው። ደግሞ ብልቃጧ ላይ የጣት አሻራ ካለ ወይም ከውስጥ አረፋ ከተለጠፈ ቁጥሩ ይዋሻል፣ እኔ መጀመሪያ ሰሞን 30 አይቼ ደንግጬ የሸሚዜን ጫፍ ይዤ ጠርጌ ስመልሳት 4 ሆነች። ዱቄቷ ሙሉ ለሙሉ እስክትሟሟ ሁለት ደቂቃ ማንቀጥቀጥ፣ በደንብ መጥረግ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ማስገባት። ናይትሬቱን በሳሊፈርት ኪት ነው የምለካው፣ ትንሽ ቁጥር ላይ ከጎን አይቶ ለ10 ማካፈል ነው፣ ያን ሮዝ ቀለም በቀን ብርሃን መስኮት ጋ ሄዳችሁ እዩት እንጂ በአምፖል አታስተያዩት።

ዒላማዬ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሬድፊልድ የውቅያኖስ ፕላንክተን ውስጥ በአቶም ቁጥር 16 ናይትሮጅን ለ1 ፎስፈረስ ያገኘው ነገር ወደ ኪታችን ቋንቋ ሲመለስ ናይትሬት ለፎስፌት 10 ለ1 አካባቢ ነው። የግድ እዛ ቁጥር ላይ ልቁም ማለት ለኔ ልክ አይመስለኝም፣ ሪፍ አኳሪየሞች ከ10 ለ1 በጣም ርቀው፣ 100 ለ1 ሆነው ያማሩ አሉ። ሁለቱም ዜሮ አለመሆናቸው ነው ዋናው፣ ከዛ ደግሞ አለመዋዠቃቸው።

አልካሊኒቲውን፣ ኮራል አጥንቱን የሚሰራበትን የካርቦኔት መጠን፣ መጥቀስ አለብኝ። የኔ ጨው ሲበጠበጥ ወደ 11 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ነው የሚሰጠው፣ ምግብ በሌለበት ውሃ ውስጥ ያ ከፍተኛ አልካሊኒቲ ኮራሉን እደግ እደግ ይለዋል ግን የሚያድግበት ሥጋ የለውም፣ ጫፉ ይቃጠላል፣ የሌላዋ ጠንካራ ኮራሌ፣ የአክሮፖራዬ፣ ጫፎች የነጡት በዛ ነው ብዬ ነው የማምነው። በቀስታ፣ በሶስት ሳምንት፣ ወደ 8 አወረድኩት።

ጓደኛዬ ስለ ዩሪያ ስላወራ ብዙ ሰው "ዩሪያውን ለምን አትጨምርም፣ ርካሽ አይደል" ይለኛል። አደራ፣ አታድርጉት። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ተበላሽቶ አሞኒያ ነው የሚሆነው፣ የባህር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነ አሞኒያው መርዛማ በሆነው መልኩ ይበዛል፣ እጃችሁ ትንሽ ካመለጠ አሳው ያልቃል። ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ አሳ የለም።

ዳይኖውስ? ቁጥሮቹ ከፍ ብለው ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሶስት ቀን አኳሪየሙን በጋቢ ሸፍኜ አጨለምኩት፣ ዩቪ ማጣሪያ (በውስጡ የሚያልፈውን ጥቃቅን ፍጥረት በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚገድል) አብሬ አስኬድኩ፣ ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ከአሸዋው ተነስቶ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ዩቪው ያገኘዋል። ሁሉም ዳይኖ እንደዛ አይደለም፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያድር ዘርም አለ፣ ለሱ ዩቪ ብዙም አይሰራም፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ማየት ያለባችሁ። ጋቢውን ሳነሳ ንፍጡ ሄዷል። ከሳምንት በኋላ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ አቧራ መሳይ ነገር ያዘ፣ ያ ስሸሸው የኖርኩት አረንጓዴ፣ ባለቤቴ ልትጠርገው ጨርቅ ስታነሳ "ተይው፣ ትንሽ ቀን ይቆይ" አልኳት። ተራው አልጌ ተመልሷል ማለት ቦታው ለዳይኖ ባዶ አይደለም ማለት ነው።

ድንጋዩ ላይ ግን ፀጉር መሳይ አልጌም ወጥቷል፣ አልደብቅም፣ በሁለት ቦታ፣ በጥርስ ብሩሽ እየፋቅኩ ነው፣ አዲስ ቀንድ አውጣዎች ሲመጡ ይበሉታል። የቆየ ሰው ፎስፌቱ 0.1 ሲያልፍ ማቆም አለብህ ይላል፣ እኔም በዛ ነው የምሄደው፣ ግን ቁጥሩ ሲያልፍ ጂኤፍኦውን መልሼ አልሞላም፣ ውሃ በመቀየር ቀስ ብዬ ነው የማወርደው።

ዞአዎቹ መጋቢት ላይ ተከፈቱ፣ መጀመሪያ ከዳር ያሉት ሶስቱ፣ ከዛ በሳምንቱ ሁሉም። ሞንቲፖራዋ ቀለሟ የተመለሰው ከመሃል ወደ ዳር ነው፣ መጀመሪያ ቡናማ ሆነች፣ ደንግጬ ነበር፣ ግን አልጌዎቹ ናቸው የተመለሱት፣ ወይን ጠጁ ግንቦት ላይ መጣ። አሁን ዙሪያዋን በጥፍር ስፋት ልክ ነጭ ክር አላት፣ ይሄ ነጭ ሌላ ነው፣ አዲስ የሚያድግ ጠርዝ ነው። አክሮፖራዋ አልተረፈችም፣ ዘግይቼባታለሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ናይትሬት አልጨመርኩም፣ አራቱ አሳዎች ይበቃሉ። ፎስፌቱን አሁንም በሁለት ቀን አንዴ 2 ሚሊ እሰጣለሁ፣ ባለፈው እሁድ ቼከሩ 21 ነበር፣ 0.064። የስኪመሩን ኩባያ ማታ ማታ ብቻ እመልሰዋለሁ። ከ25ቱ የቼከር ፓኬት አራት ነው የቀረኝ፣ ሚቀጥለው ሻንጣ እስኪመጣ በየአስራ አምስት ቀን እሁድ ብቻ ነው የምለካው፣ መሃል ላይ የማምነው ሞንቲፖራዋን ነው።